አሜን ያላልኩለት አጥቂ

ሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና አራት ዓመተ ምሕረት ነው፤ እኔ ያኔ አርባ ሰባት ዓመቴ ነበር። ጉልበቴ ገና ስላልከዳኝ የከባድ መኪና ጎማ ብቻዬን ከቸርኬው አወጣ ነበር። ሥራዬ ጎሚስታ ነው፤ ጎንደር ላይ፣ ከአራዳ ወደ አዲስ ዓለም በሚያወርደው መንገድ ጥግ፣ በአንዲት የቆርቆሮ ቤት፣ ጎማ ስለጥፍ ዕድሜዬ አለቀ። ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ ባለፈው ሳምንት ጎማው ተንፍሶበት የመጣ አንድ ባለባጃጅ ነው። እኔ ላስቲኩን ውኃ ውስጥ ነክሬ አረፋ የሚወጣበትን ስፈልግ፣ እሱ ስልኩን እያየ «አያ ታከለ፣ ይህ ተጫዋች በስንት ሚሊዮን እንደተገዛ ቢሰሙ ይደነግጣሉ» ይለኛል። «ማነው የገዛው?» አልኩት። የፈረንጅ ቡድን ነው አለኝ። «ሜዳ አላቸው?» አልኩት። ሰውዬው በሳቅ ሞተ። «ኧረ አያ ታከለ! ሜዳማ አላቸው!» «እንግዲያ ምን ቸገራቸው፣ ይግዙ» አልኩና ማስቲሹን ቀባሁት። እሱ ከፍሎ ሄደ። እኔ ግን ያን ቀን መቀመጫ አጥቼ ዋልኩ፤ ቁጭ ብል ብድግ፣ ብድግ ብል መልሼ ቁጭ። ማስቲሽ ዛሬም ያው የድሮ ሽታው ነው። ዓይኔን ጨፈን ሳደርግ ያ ዘመን መጥቶ ደጄ ላይ ቆመ።

ያን ጊዜ ባጃጅ የሚባል ነገር ከተማችን አልገባም። በጋሪ ነበር የምንሄደው፤ ቁልቁለቱ ላይ ፈረሱ ሲንሸራተት ሴቶቹ ይጮሃሉ፣ ባለጋሪው ይሳደባል። ሻይ በሃምሳ ሳንቲም ጠጥቶ ሳንቡሳ በሃምሳ ሳንቲም የበላ ሰው ጠገብኩ ብሎ አፉን ይጠርግ ነበር። ጎማ መለጠፍ ሦስት ብር ነው፤ ሦስቱን ብርም ሰው ፊቱን አጥቁሮ ነበር የሚከፍለኝ። ጎረምሳው ሁሉ ከሰልባጅ ተራ የገዛውን የጅንስ ጃኬት ለብሶ፣ ኮሌታውን አቁሞ፣ ከሱቄ ፊት ለፊት ካሴት ቤቱ ደጃፍ ይደረደራል። ካሴት ቤቱ ደግሞ አንድ ዘፈን ከያዘ ካሴቱ እስኪልም አይለቅም፤ አንዲት ሴት «ና» እያለች ስትጣራ ትውላለች፣ የሚመጣላት የለም። ዘፈኑን ሳልወደው በቃሌ ያዝኩት፤ መዶሻዬ ራሱ በዚያ ምት ይመታ ጀመር። ዛሬ እዚያ ቤት የስልክ ሽፋን ነው የሚሸጠው። የሚሸጠው ሰው ጆሮው ላይ ሽቦ ሰክቶ ለብቻው ይሰማል፤ ምን እንደሚሰማ እኔ አላውቅም።

ሰፈራችን አንድ የኳስ ቡድን ነበረው። ስሙን ልተወው፤ ሰፈሩን የሚያውቅ ያውቀዋል። ማሊያው ቢጫ ነው። ቢጫ የሆነውም በሌላ ምክንያት አይደለም፤ ሐጂ ሰዒድ ሱቅ ውስጥ ገዢ አጥቶ የከረመ ቢጫ ጨርቅ ስለነበረ ነው። ሐጂ ሰዒድ የቡድኑ ሊቀ መንበር ነበር። አባቱም አያቱም አዲስ ዓለም ላይ ጨርቅ የነገዱ፣ ክረምት ከበጋ ከአንድ ቡናማ ኮት የማይለይ ሰው ነው። አብሮ አደጌ ስለሆነ ሌላው ሰው አንቱ ሲለው እኔ አንተ ነበር የምለው። ተጫዋች ደመወዝ የለውም። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ቤት ይመደብለታል፤ በጨዋታ ቀን ያ ቤት ያበላዋል፣ ማሊያውንም ያጥብለታል። ለእኛ ቤት በረኛው ነበር የደረሰን። ሚስቴ የሺ ሜዳ ወርዳ አታውቅም፤ ግን ተሸንፈን በመጣን ቁጥር «ዛሬ ስንት ገባበት? ሽሮዬን ልታሰድቡት ነው» እያለች ታኮርፍ ነበር።

እኔም ባለሁበት የቡድኑ ኮሚቴ ውስጥ እስላሙም ክርስቲያኑም አለ። አንድም ቀን እጅ አውጥተን ወስነን አናውቅም። ነገሩ ተወርቶ ሲያልቅ ሐጂ ሰዒድ መዳፉን ዘርግቶ ይመርቃል፣ ሁላችንም አሜን እንላለን፤ ያኔ ነገሩ ታሰረ ማለት ነው። አንድ ሰው አሜን ሳይል ዝም ካለ አልታሰረም፤ ተነሥተን ወደየቤታችን፣ ለሌላ ቀን። ቡድኑ ሲቋቋም አንድ ትልቅ ጠብ ነበር፤ የዚያ ጠብ እርቅ እንዲህ ሆኖ ስላለቀ በዚያው ልማድ ሆኖ ቀረ። ከተማው ውስጥ ሌላ ቡድን እንዲህ ሲያደርግ አላየሁም።

ሜዳችን ከወንዙ ማዶ ነው፤ አጥር አልነበረውም። አህያ ይገባበታል፣ ሸክላ ሠሪ አፈር ይቆፍርበታል፣ የሙሽራ አጃቢ ያቋርጠዋል። ድንጋይ አጥር ልንሠራለት ለዓመታት ብር ስናጠራቅም ኖረናል፤ ብሩ ሐጂ ሰዒድ ቤት በብረት ሣጥን ነበር የሚቀመጠው። ከማዘጋጃ ቤት የመጣ ሰው ቁርጡን ነግሮናል፦ የታጠረ ሜዳ ሜዳ ሆኖ ይቀራል፣ ክፍት የሆነው ክረምቱ እንደወጣ ለቤት ሠሪዎች ይደለደላል። ሰውዬው ክፋት አልነበረውም። ሰውም ቤት ያስፈልገዋል። እኛም አጥር ያስፈልገን ነበር፣ በቃ። ድንጋዩን ከየት እንደምናስመጣ እንኳ ተነጋግረን ጨርሰን ነበር፤ ደሳለኝ የሚባለው አጥቂ ባይመጣ ኖሮ።

ደሳለኝ የአይከል ልጅ ነው። አዲስ አበባ ሄዶ ትልቅ ቡድን ተጫውቶ፣ ውሉ አልቆ፣ ወደ አገሩ ተመልሶ ነበር። ኳስ እግሩ ላይ ስለምትጣበቅ «ሙጫው» ነው የሚሉት። የፊርማ ገንዘብ ለሰጠኝ ሁሉ እጫወታለሁ አለ። የጠየቀው ብር ደግሞ የአጥራችንን ብር አንድም ሳያስተርፍ የሚጠርግ ነው። አሠልጣኛችን ጌታሁን የሚባል ወጣት መምህር ነበር፤ ወሬውን ይዞ ኮሚቴው ሻይ እየጠጣ ከተሰበሰበበት ሲገባ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

«ሙጫው ከመጣ ዋንጫው የኛ ነው» አለ ጌታሁን። «ዋንጫ የያዘ ቡድን ደግሞ ማን ደፍሮ ሜዳውን ይነካዋል?»

«ዋንጫውን መስመሩ ላይ ልታቆመው ነው? አህያዋን ይከለክልልሃል?» አልኩት።

ሐጂ ሰዒድ ሳቀ፤ ግን ልቡ ከጌታሁን ጋር እንደሆነ አውቄያለሁ። «ታከለ፣ እኛ ዋንጫ ነክተን እናውቃለን? እድሜያችን እየሄደ ነው። አንድ ጊዜ እንንካው እንጂ» አለኝ። ሌሎቹም ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። መዳፉን ዘረጋ፤ ፈጣሪ ይህን ልጅ ለእኛ ይስጠን፣ እግሩን ይባርክልን እያለ መረቀ። አሜን አሉ። እኔ ሻዬን አማሰልኩ። ስኳሩ ድሮ ሟሙቷል፣ እኔ ግን አማስላለሁ። ሁሉም ዞረው አዩኝ።

«ምነው ታከለ?» አለ ሐጂ ሰዒድ።

«መጀመሪያ ድንጋዩ» አልኩ።

ጌታሁን ብድግ አለ። «እንቁጠር! በድምፅ ብልጫ ይለቅ!»

«ተቀመጥ አንተ ልጅ» አለው ሐጂ ሰዒድ። «እዚህ ቤት ሰው አይቆጠርም።» እኔንም ቀና ብሎ ሳያየኝ ኮቱን አራግፎ ወጣ። ይህን ነገሩን ዛሬም አከብርለታለሁ፤ ቢያስቆጥር ኖሮ ያሸንፈኝ ነበር።

በሳምንቱ ሽማግሌ ላከብኝ። ሦስት ሰዎች፣ ቄስ ጭምር፣ ነጭ ጋቢ ለብሰው ደጄ ሲቆሙ የሺ ልጃችንን ሊጠይቁ የመጡ መሰላት። ልጃችን ለአቅመ ሔዋን ደርሳ ስለነበር ደስታውም ድንጋጤውም ተደባልቆባት ቤቱን ጠረገች፣ ድንች ልጣ ወጥ ሠራች፣ ልጅቱን ጓዳ ደበቀቻት። እንግዶቹ በልተው ሲጨርሱ ቄሱ ተነሥተው «እንግዲህ አያ ታከለ፣ የመጣነው እምቢ እንዳይሉን ነው» ሲሉ የሺ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። «ልጁ ጨዋ ነው፣ ጤነኛ ነው፣ ሱስ የለበትም» አሉ። «ሥራው ምንድን ነው?» አለች የሺ አላስችል ብሏት። «አጥቂ ነው» አሉ ቄሱ።

የሺ እጇን ከደረቷ አወረደች። «ለኳስ ነው እንዴ ይህን ሁሉ ድንች የላጥኩት!» አለችና ሞሰቡን አነሣች። ሽማግሌዎቹም እኔም ከት ብለን ሳቅን። ከሳቁ በኋላ ቄሱ «እና ምን ብለን እንንገራቸው?» አሉኝ። መጀመሪያ ድንጋዩ ብሏል በሉ አልኳቸው። «እርስዎ ራስዎ ድንጋይ ነዎት» አሉኝና ባርከውኝ ሄዱ።

ሐጂ ሰዒድም በበኩሉ ግትር ነው። እኔ አሜን አልል እንዳልኩ፣ እሱም ለአጥሩ አልመርቅም አለ። ያለ ምርቃት አሜን የለም፣ ያለ አሜን ሣጥኑ አይከፈትም። ስለዚህ ብሩ አጥቂም ሳይሆን ድንጋይም ሳይሆን ተቀመጠ፤ ክረምቱ ደግሞ እኛን አይጠብቅም። ሰው ሰላምታ ይነሳኝ ጀመር። ጎማቸውን ሌላ ጎሚስታ ጋ ይዘው የሚሄዱ ነበሩ። ሌሊት እንቅልፍ፣ ቀን ዕረፍት አልነበረኝም። አንድ ቀን ሱቄን ዘግቼ በደባርቅ መንገድ የሚሄድ የጭነት መኪና ላይ ተሳፍሬ ኮሶዬ ወጣሁ። ለምን እንደሄድኩ አላውቅም። መንገድ ዳር ካለች ምግብ ቤት በርበሬ ያለው ድንች አዝዤ ንፋሱ እያንቀጠቀጠኝ ቆሜ በላሁ፤ ወንበር ሰጥተውኝ አልቀመጥ አልኩ። ገደሉ ከሥር ይታያል፣ ገብሱ ይወዛወዛል፣ እኔ ግን የማስበው የሜዳችንን አራት ማዕዘን ነው። የመጀመሪያው ተመላሽ መኪና ሲመጣ ዘልዬ ተሳፈርኩ።

ስመለስ ሱቄ ደጃፍ ላይ አንድ ቀጭን፣ ረጅም ሰው ቆሟል። ጥቁር ቱታ፣ ነጭ ሸራ ጫማ፤ ያን የመሰለ ነጭ ጫማ ጎንደር ጭቃ ላይ አይቼ አላውቅም።

«አያ ታከለ እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ።»

«ደሳለኝ ነኝ፤ እርስዎ የማይወዱኝ።»

«አላውቅህም እኮ። ምን ብዬ ነው የምጠላህ?» አልኩና በሩን ከፈትኩ። ገባ። መሬት ላይ አንድ የተበሳ ከመነዳሪ፣ የጎማ የውስጡ ላስቲክ፣ ተጠቅልሎ ወድቋል። በጫማው ጫፍ አንሥቶ ወደ ላይ ላካት፤ በጉልበቱ፣ በትከሻው፣ እንደገና በእግሩ። ያ የሞተ ላስቲክ ነፍስ ዘራ። እያነጠረ ያወራኛል፣ ዓይኑ እኔ ላይ ነው።

«አንድ ቃል ብቻ እኮ ነው የቀረው አሉኝ። ምነው አያ፣ አንድ ቃል ይከብዳል?»

«ለቃሉ አይደለም። አንተን ካመጣን ሜዳውን እናጣለን።»

«አጥር ጎል አያገባም።»

«ጎልም አጥር አይሆንም።»

ላስቲኩን አሳርፎ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ጠፋ። «እውነቱን ልንገርዎት። ለእኔ እግር የቀሩት ሁለት ዓመታት ናቸው፣ ቢበዛ ሦስት። ከዚያ በኋላ ለእኔ ሽማግሌ የሚልክ የለም። እናንተ ብትወስዱኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ ቤት ለቤት እየበላችሁ የምትጫወቱ ናችሁ ሲሉኝ ሳቅሁ፣ ግን ደስ አለኝ። ካልሆነ አዘዞዎች ጠይቀውኛል፣ እዚያ እፈርማለሁ። አልቀየምዎትም፤ ቁርጡን ይንገሩኝ ብቻ።»

ልቤ ተንሸራተተ፤ አልዋሽም። ልጁ ሸጋ ነው። አሁን ብናገር ያ ሁሉ ኩርፊያ በአንድ ቃል ያልቃል፤ ሰፈሩ እንደገና ሰላም ይለኛል። መዶሻዬን አነሣሁ፣ አስቀመጥኩ፣ መልሼ አነሣሁ። «አዘዞ ሂድ ልጄ» አልኩት። «እዚያ ሜዳ አላቸው።» ጨበጠኝና ሄደ። ነጩ ጫማው ጭቃ አልነካውም፤ እንዴት እንደሚራመድ እንጃለት።

በዚያው ሳምንት ለአዘዞዎች ፈረመ። ጌታሁን ተናዶ አሠልጣኝነቱን ለቀቀ። ዓመቱን ሙሉ እኛ ስንንፏቀቅ፣ የሙጫው ስም በየሻይ ቤቱ ይነሣል። ከፋሲካ በኋላ ከአዘዞዎች ጋር ተደለደልን፤ ያሸነፈ ለዋንጫ ያልፋል። ጨዋታው በእኛ ሜዳ ነው። ያን ዕለት ከተማው ግልብጥ ብሎ ወጣ፤ ሸንኮራ ሻጩ፣ ቆሎ ሻጯ፣ ጃንጥላ የያዙ ሽማግሌዎች። አጥር ስለሌለ ሰው መስመሩን አልፎ ይገባል፣ ዳኛው በፉጨት ያባርራል። ሐጂ ሰዒድ ከእኔ ማዶ ቆሟል፤ ወራት ሆኖናል ካልተነጋገርን።

እኛም ቀላል አልነበርንም። እስከ ዕረፍት ያዝናቸው። ከዕረፍት መልስ ግን አንድ ኳስ ከአየር ወረደች። ሙጫው ጀርባውን ለጎል ሰጥቶ ነበር። ኳሷን በደረቱ አበረዳት፣ መሬት ሳትነካ በተረከዙ ከራሱ በላይ ወረወራት፣ ዞሮ እሱ ሲደርስ እሷም ወረደችለት። በረኛችን፣ የየሺን ሽሮ በልቶ የመጣው፣ ወደ ግራ ወደቀ፤ ኳሷ ቀስ ብላ በቀኝ ገባች። ሰፈሩ ሁሉ እጁን አናቱ ላይ ጫነ። እኔ ያን ጊዜ ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ እጄ ሳያስፈቅደኝ አጨበጨበ። ብቻዬን፣ በእኛ ሰዎች መሐል፣ ጧ ጧ ጧ። የጎረቤቴ ሚስት «ሰውዬው አብዷል» አለች። «በእኛ ላይ ሲገባ ታጨበጭባለህ? አንተ አይደለህ ያባረርከው!» የሚል ድምፅ ከኋላዬ መጣ። በአንድ ጎል ተሸነፍን። ሙጫው ሲወጣ በአጠገቤ አልፎ «አያ፣ አጨበጨቡልኝ!» አለኝ። «ለኳሷ ነው» አልኩት። ሳቀ።

ዛሬ ያ ሜዳ አለ። ዙሪያውን ሁሉ ፎቅ በልቶታል፣ እሱ ግን መሐሉ ላይ ተዘርግቶ አለ። ቡድኑ ግን የለም። ከጌታሁን በኋላ ልጆቹ አንድ በአንድ ወደ ሌላ ሄዱ፤ ቢጫውን ማሊያ ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት የአንዲት ሴት መወልወያ ሆኖ ነው። ዋንጫ ሳንነካ ቀረን። ሐጂ ሰዒድም ሳይነካ አረፈ፤ ይህ ነገር ነው የማያስቀምጠኝ። አንዳንድ ማታ ሜዳውን ሦስቴ አራቴ ዞሬ እመለሳለሁ፤ የማላውቃቸው ልጆች የማላውቀውን ማሊያ ለብሰው ይሯሯጣሉ። ከሁለቱ አንዱ ነው የቀረልን። ለሐጂ የቱ ይሻለው እንደነበር አላውቅም። ዛሬም ቢመርቁ ግን አሜን አልልም።

ያን የተሸነፍን ዕለት፣ ጀምበር ሳትጠልቅ፣ ሐጂ ሰዒድ ሱቄ መጣ። አልተቀመጠም። ላስቲክ የምነክርበትን በርሜል ተደግፎ ቆመ።

«አጨበጨብክ» አለኝ።

«አዎ።»

«እኔ እኮ ልጁን ጠልተኸው መስሎኝ ነበር። ወይም እኔን። ሰዒድ ዋንጫ እንዳይነካ ብሎ ነው ብዬ ዓመቱን ሙሉ ጨጓራዬ ሲቃጠል ከረመ።»

«እንዴት አድርጌ እጠላዋለሁ? ላስቲክ እንኳ እዚሁ መሬት ላይ ሲያጫውት አይቼዋለሁ። ከጌታሁን ይልቅ እኔ ነኝ የወደድኩት።»

ሐጂ ሰዒድ ከበርሜሉ ቀና አለ። «ወደኸውም እምቢ አልክ?»

«ወድጄውም።»

«አንተ ሰው፣ አላህ ይይልህ» አለ። ሊስቅ ፈልጎ ሳቁ አልመጣለትም። ኮቱን አራግፎ ወጣ። ምን እንዳሰበ አልነገረኝም፤ እኔም እንቅልፍ ሳይወስደኝ ነጋ።

በነጋታው ሱቄን ሳልከፍት በቀጥታ ወደ ሜዳው ወረድኩ። ጤዛው ገና አልረገፈም። ሐጂ ሰዒድ ቀድሞኝ ቆሟል፤ ለካስ ማታውን ሌሎቹን ሰብስቦ ለአጥሩ መርቆ ሣጥኑን ከፍቷል፣ የእኔን አሜን ያውቀዋል፤ ከጎኑ አንድ መኪና ጥቁር ድንጋይ ተራግፏል፣ እጁ ላይ የሲባጎ ጥቅል አለ። ሰላምታም አልተሰጣጣንም። የሲባጎውን ጫፍ ወረወረልኝና እሱ ወደ ማዶው ማዕዘን ሄደ። ጫፉን ይዤ ወደ ኋላ ሳብኩ፣ ሲባጎው ሣሩ ላይ ተነሥቶ ቀጥ አለ።

«ላላ አድርገው ታከለ፣ ይበጠሳል!» ብሎ ጮኸ ከማዶ።

አላላሁትም።